የፕላስቲክ ኬሚካሎችና የሕፃናት አእምሮ ዕድገት፦ በአንድ የሳይንቲስቶች ጥሪ ላይ የቀረበ ሒሳዊ ግምገማ

1. መግቢያ

የሕፃን አእምሮ በአብዛኛው የሚገነባው ከመምህሩ ዐይን ርቆ ነው። ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትምህርት ቤት ደጃፍ በሚደርስበት ጊዜ የአእምሮው መሠረት በእናቱ ማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የዕድሜ ዓመታት ተጥሏል። ምግብ፣ በሽታና የወላጅ እንክብካቤ ይህን መሠረት ሊያጠነክሩት ወይም ሊያላሉት እንደሚችሉ መምህራን በሥራ ልምዳቸው ያውቁታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ አዲስ ጉዳይ ተጨምሯል። ይኸውም ፕላስቲክን ለማለስለስ፣ ለማጠንከር ወይም ለማቅለም የሚጨመሩ አንዳንድ ኬሚካሎች የአእምሮን አገነባብ ሊያዛቡ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ነው።

ይህን ሐሳብ በግልጽና በድፍረት ካቀረቡት ጽሑፎች አንዱ በ2021 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት የታተመው የባለሙያዎች ጥሪ ነው። (በዚህ ግምገማ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ጥሪውን ያዘጋጁት በአሜሪካ የሚገኙ የኅብረተሰብ ጤና፣ የባዮሎጂና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ስቴፋኒ ኤንግል ናት። የጽሑፉ ዒላማ ፍታሌት በመባል የሚታወቁት የፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካሎች ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ለመገምገም ያነሣሣን የንድፈ ሐሳብ ፍላጎት ብቻ አይደለም። ከዕጩ መምህራን አንዱ በተግባር ልምምድ ወቅት ባቀረበው ዘገባ፣ በክፍል ውስጥ አርፎ መቀመጥ ስለተሳነው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሲጽፍ «ችግሩ ምሳውን በፕላስቲክ ዕቃ ከመመገቡ የመጣ ነው» የሚል ድምዳሜ አስፍሮ ነበር። ዕጩ መምህሩ ስለ ጉዳዩ ማንበቡ የሚያስመሰግነው ነው። ካነበበው ተነሥቶ በአንድ ሕፃን ላይ የሰጠው ፍርድ ግን ስሕተት ነው። በሌላ በኩል ይኸው ዘገባ በስብሰባ ላይ ሲነሣ፣ አንዳንድ ባልደረቦች ጉዳዩን በሙሉ «የሀብታም አገር ጭንቀት» በማለት በሣቅ አለፉት። ይህም ከፊተኛው ያላነሰ ስሕተት ነው። የዚህ ግምገማ ዓላማ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል መምህሩና ዕቅድ አውጪው ሊቆሙበት የሚችሉትን ቦታ ማመልከት ነው።

2. የጽሑፉ ፍሬ ነገር

ፍታሌቶች በተለይ ፒ.ቪ.ሲ. የተባለውን በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ፕላስቲክ ለማለስለስ ያገለግላሉ። ለስላሳው የወለል ምንጣፍ፣ የጠረጴዛ ላስቲክ፣ የዝናብ ልብስና የሕክምና ቱቦ ልስላሴያቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከነዚህ ወይም ከነዚህ ጋር ከሚመሳሰሉ ማለስለሻዎች ነው። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ሽቶዎችና ቅባቶች ውስጥ መዓዛን ለማቆየት ይጨመራሉ። ዋናው ነጥብ ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካላዊ ትስስር አለመያያዙ ነው። በፕላስቲኩ ሞለኪውሎች መካከል ተሰግስጎ ይቀመጣል እንጂ የፕላስቲኩ አካል አይሆንም። ከዚህም የተነሣ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ወደ ምግብ፣ ወደ አቧራና ወደ አየር ይወጣል። ሙቀትና ቅባት ይህን አወጣጥ ያፋጥኑታል።

ወደ ሰው አካል የገባ ፍታሌት ረጅም ጊዜ አይቆይም። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተለውጦ በሽንት ይወገዳል። ይሁን እንጂ ሰው በየቀኑ ከምግብና ከዕቃ ስለሚያገኘው ከአካሉ ጨርሶ አይጠፋም። በነፍሰ ጡር ሴት አካል ውስጥ የሚገኘውም የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል።

ጉዳት ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠረው በሆርሞኖች ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። አንዳንዶቹ ፍታሌቶች በፅንስ ዕድገት ወቅት የቴስቶስቴሮንን ምርት እንደሚቀንሱ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ተረጋግጧል። የታይሮይድ (በተለምዶ የእንቅርት ዕጢ የምንለው) ሆርሞን አሠራርም በእነርሱ ሊታወክ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ሁለቱም ሆርሞኖች የአእምሮ ሕዋሳት መቼ እንደሚባዙ፣ ወዴት እንደሚጓዙና ከማን ጋር እንደሚያያዙ በመወሰን ረገድ ድርሻ ያላቸው በመሆናቸው፣ በጠባብ የጊዜ ክልል ውስጥ የሚደርስ መጠነኛ መዛባት ዘላቂ ውጤት ሊኖረው ይችላል።

ጸሐፊዎቹ ከዚህ ተነሥተው ሦስት መደምደሚያዎችን ያቀርባሉ። አንደኛ፣ በፅንስ ጊዜ ለፍታሌት መጋለጥ ከትኩረት ማጣትና ከመቅበጥበጥ፣ ከሌሎች የጠባይ ችግሮችና ከአእምሮ ብቃት መቀነስ ጋር ተዛምዶ እንዳለው በልዩ ልዩ አገሮች ከእርግዝና ጀምሮ የተካሄዱ የክትትል ጥናቶች ያሳያሉ። ሁለተኛ፣ ኬሚካሎቹ አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ አንድ ቤተሰብ ተቆጥረው ሊገቱ ይገባል። ሦስተኛ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችና ሕፃናት ከሚያገኟቸው ምርቶች ሁሉ ሊወገዱ ይገባል።

3. የጽሑፉ ብርታት

የጽሑፉ የመጀመሪያ ብርታት ሕጉ ከተቀመጠበትና ጉዳቱ ይደርስበታል ከተባለው ቦታ መካከል ያለውን ክፍተት ማሳየቱ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ሕግ ሦስት ፍታሌቶች በመጫወቻዎችና በሕፃናት መንከባከቢያ ዕቃዎች ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ ለዘለቄታው አግዷል። በ2017 የወጣው ደንብ የታገዱትን ቁጥር ወደ ስምንት አድርሶታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል። እነዚህ ሕጎች መጫወቻ ወደ አፉ የሚያስገባውን ሕፃን ይጠብቃሉ። ነገር ግን ዋናው የአእምሮ ግንባታ የሚካሄደው ሕፃኑ መጫወቻ ከመጨበጡ አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ ፅንሱ ለኬሚካሉ የሚጋለጠው እናቱ በምትመገበው፣ በምትቀባውና በምትተነፍሰው ነገር ነው። እናቲቱን የማይጠብቅ ሕግ ፅንሱን ሊጠብቀው አይችልም። ይህ ነጥብ ግልጽ ሆኖ ሳለ ለብዙ ዓመታት ሳይተኮርበት መቆየቱን ጽሑፉ በሚገባ ያስገነዝባል። ሆኖም በምግብ ማሸጊያና ማቀነባበሪያ ዕቃዎች ውስጥ ፍታሌቶች እንዲታገዱ የቀረበውን አቤቱታ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 ሳይቀበለው ቀርቷል።

ሁለተኛው ብርታት «በቤተሰብ እንቁጠራቸው» የሚለው ሐሳብ ነው። የኬሚካል ኢንዱስትሪ ታሪክ እንደሚያሳየው አንድ ነገር ሲታገድ በቅርብ ዘመዱ ይተካል። ለጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ መሥሪያ የሚያገለግለው ቢስፌኖል ኤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ኬሚካል የሴት ሆርሞንን የመምሰል ጠባይ እንዳለው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቻርልስ ዶድስ በ1936 አስታውቆ ነበር። ከሕፃናት ጡጦ እንዲወጣ የተደረገው ግን በካናዳ በ2010፣ በአውሮፓ ኅብረት በ2011፣ በአሜሪካ በ2012 ነው። ከዚያም በኋላ በብዙ ምርቶች ቦታውን የያዘው በአወቃቀሩም በጠባዩም የሚመስለው ቢስፌኖል ኤስ ሆነ። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱን ኬሚካል ለመመርመር ዐሥርት ዓመታት ከወሰደ፣ መርማሪው ሁልጊዜ ካለፈው ትውልድ ልጆች ኋላ ይከተላል እንጂ የመጪውን ትውልድ ልጆች ቀድሞ ሊጠብቅ አይችልም።

ሦስተኛው ብርታት ጽሑፉ የተመሠረተባቸው ጥናቶች ክብደት ያላቸው መሆናቸው ነው። ለአብነት ያህል ሦስቱን እንጥቀስ። በኒውዮርክ ከተማ 328 እናቶችንና ልጆቻቸውን በተከታተለውና በ2014 በታተመው ጥናት፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ ወራት ከፍተኛ የሁለት ፍታሌቶች መጠን ከተገኘባቸው እናቶች የተወለዱት ልጆች በ7 ዓመታቸው ሲፈተኑ፣ ዝቅተኛ መጠን ከተገኘባቸው እናቶች ልጆች ይልቅ በአማካይ 6.6 እና 7.6 የአእምሮ ብቃት ነጥብ ያህል አንሰው ተገኝተዋል። በስዊድን 963፣ በአሜሪካ 370 ልጆችን ያካተተውና በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ በፅንስ ጊዜ ለአንዳንድ ፍታሌቶች ያላቸው ተጋላጭነት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የንግግር መዘግየት ዕድል ከ25 እስከ 40 በመቶ እንደሚጨምር አመልክቷል። በዚያው ዓመት በኖርዌይ የወጣው ጥናት የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለባቸው በሐኪም የተረጋገጠ 297 ልጆችን ከ553 ሌሎች ልጆች ጋር አነጻጽሮ፣ ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. የተባለው ፍታሌት በብዛት በተገኘባቸው እናቶች ልጆች ላይ የችግሩ ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ዘግቧል።

4. የጽሑፉ ድክመት

ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች ብቻቸውን ቢነበቡ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። ግን አላለቀለትም፤ ጽሑፉም የሚነቀፈው ክርክሩ ያለቀ አስመስሎ በማቅረቡ ነው።

በመጀመሪያ፣ የመለኪያው ችግር አለ። ፍታሌት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአካል ስለሚወገድ፣ በአንድ ቀን የተወሰደ የሽንት ናሙና የዚያን ቀንና የዋዜማውን አመጋገብ ያሳይ እንደሆነ እንጂ የዘጠኝ ወሩን ሁኔታ በእርግጠኝነት አይናገርም። የኖርዌዩ ጥናት ለምሳሌ በ17ኛው ሳምንት ገደማ በተወሰደ አንድ ናሙና ላይ የተመሠረተ ነው። እንዲህ ያለው ግምታዊ ልክ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛውን ተዛምዶ ያደበዝዘዋል፤ አልፎ አልፎ ግን የሌለውን እንዳለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጣልቃ ገብ ሁኔታዎች አሉ። ብዙ የታሸገ ምግብ የሚመገቡ፣ በጠባብና አቧራማ ቤት የሚኖሩ እናቶች ለፍታሌት የበለጠ ይጋለጡ ይሆናል። እነዚሁ እናቶች በገቢ፣ በትምህርትና በጭንቀት መጠንም ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን በስታትስቲክስ ዘዴ ለማስተካከል ይሞክራሉ። ነገር ግን ድህነትን የመሰለ ሥር የሰደደ ነገር በሒሳብ ቀመር ሙሉ በሙሉ ይገለላል ብሎ ማመን ይከብዳል። ተዛምዶ ማለት መንሥኤ ማለት እንዳልሆነ ለዕጩ መምህራን ዘወትር እናስተምራለን። ይህን ትምህርት ታዋቂ ሳይንቲስቶች በሚጽፉት ላይም ልንሠራበት ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ሥልታዊ ዳሰሳ፣ በፅንስ ጊዜ ለፍታሌት በመጋለጥና በአእምሮ ዕድገት መካከል ግልጽና ወጥ የሆነ የተዛምዶ መልክ እንደማይታይ ደምድመዋል። በአንዱ ጥናት ወንዶች ልጆች ተጎድተው ሲገኙ በሌላው ሴቶች ይገኛሉ፤ በአንዱ የተጠረጠረው ፍታሌት በሌላው ነጻ ሆኖ ይታያል። ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው የባለሙያዎቹ ጥሪ ደግሞ ከሞላ ጎደል ከተመሳሳይ የጥናት ክምችት ተነሥቶ ጠንካራ ማስረጃ አለ ይላል። እንዲህ ያለ ልዩነት እንዴት ሊፈጠር ቻለ? እንደኛ አመለካከት ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ጥያቄ ስለጠየቁ ነው። የፊተኞቹ «ተረጋግጧልን?» ብለው ሲጠይቁ፣ የኋለኞቹ «እስኪረጋገጥ መጠበቅ ይገባልን?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የጥሪው ጸሐፊዎች ጥፋት ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጡትን መልስ ለመጀመሪያው የተሰጠ አስመስለው ማቅረባቸው ነው። ከዚህም ጋር ከጸሐፊዎቹ መካከል አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጥናት ራሳቸው የመዘኑ መሆናቸው ሊታወስ ይገባል። ኤንግል የኖርዌዩ ጥናት መሪ ጸሐፊ ስትሆን፣ ሮቢን ዋያት ደግሞ በኒውዮርኩ ጥናት ተካፋይ ነበረች። ይህ ሥራቸውን ውድቅ ባያደርገውም፣ አንባቢ ከገለልተኛ ዳሰሳ ጋር አጣምሮ እንዲያነበው ግድ ይላል።

ሊቃውንት በአንድ ማስረጃ ላይ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ለመረዳት የቢስፌኖል ኤን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 4 ማይክሮ ግራም ሲል በጊዜያዊነት የወሰነውን ልክ፣ በ2023 ወደ 0.2 ናኖ ግራም አውርዶታል፤ ይህም በ20,000 እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። የጀርመን መንግሥት የአደጋ ምዘና ተቋም ግን አዲሱን ልክ ሳይቀበል ቀርቶ፣ ከዚያ በ1,000 እጥፍ የሚበልጥ የራሱን ልክ አቅርቧል። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት ሊቃውንቱ እስኪስማሙ አልጠበቀም፤ በ2024 መጨረሻ ቢስፌኖል ኤን ከምግብ መያዣ ዕቃዎች የሚያግድ ደንብ አውጥቷል። ሳይንሱ ገና በክርክር ላይ ሳለ ፖሊሲ ሊወሰን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

አራተኛ፣ ጽሑፉ የተዘጋጀው ለአሜሪካ ሕግ አውጪዎች በመሆኑ ለተራው አንባቢ የትኛው ፕላስቲክ የትኛውን ኬሚካል እንደሚይዝ በቂ ምሪት አይሰጥም። በዚህ ምክንያት አንባቢው ፕላስቲክን ሁሉ በአንድ ዐይን ወደ ማየት ያዘነብላል። ለምሳሌ የውኃ መያዣ ኮዳዎች የሚሠሩበት ፕላስቲክ በስሙ ውስጥ «ቴሬፍታሌት» የሚል ቃል ቢኖርበትም፣ እዚህ ከምንነጋገርባቸው ማለስለሻዎች የተለየ ነገር ነው። ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊንም እንዲለሰልስ ፍታሌት አያስፈልገውም። ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ 3 ቁጥር የሚታተምበትን ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ቢስፌኖል ኤ የሚገኝበት ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ደግሞ በ7 ቁጥር ሥር ከሚመደቡት ልዩ ልዩ ዓይነቶች አንዱ ነው።

5. የብዙኃን ልክና የአንድ ሕፃን ጉዳይ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ዕጩ መምህሩ ዘገባ እንመለስ። የኒውዮርኩን ጥናት ውጤት ምንም ሳንጠራጠር እንቀበል። አንዱ ቡድን ከሌላው በአማካይ በ7 ነጥብ ያንሳል፤ በየቡድኑ ውስጥ ያለው መደበኛ ልይይት ደግሞ እንደተለመደው 15 ነጥብ ነው እንበል። ከየቡድኑ አንድ አንድ ልጅ በዕጣ እያወጣን ብናነጻጽር፣ ከ10 ጥንዶች በ4ቱ ገደማ የበለጠ የተጋለጠው ልጅ በውጤቱ በልጦ ይገኛል። ስለዚህ የአንድን ልጅ ጠባይ ወይም ውጤት ተመልክቶ «ይህ የፕላስቲክ ውጤት ነው» ማለት ዕጣ ከመጣል እምብዛም አይሻልም። ከዚያም የከፋው፣ ሕፃኑ የማይለቅ ስም ይሰጠዋል፤ መምህሩም የማየትና የመስማት ችግርን፣ ረኃብን፣ የቤት ውስጥ ችግርን ወይም የራሱን የማስተማር ዘዴ መመርመሩን ይተዋል።

ሆኖም ይኸው ቁጥር ለዕቅድ አውጪው ሌላ ትርጉም አለው። የ100,000 ልጆች አማካይ የአእምሮ ብቃት ከ100 ነጥብ ወደ 95 ዝቅ ቢል፣ ከ70 ነጥብ በታች የሚሆኑት ከ2,300 ገደማ ወደ 4,800 ገደማ ያሻቅባሉ። ለአንድ ሕፃን እምብዛም የማይታወቀው የ5 ነጥብ ለውጥ፣ ለትምህርት ሥርዓቱ ልዩ ድጋፍ የሚሹት ልጆች ቁጥር በእጥፍ ማደግ ማለት ነው። አንዱ መረጃ ለመምህሩ ፍርድ የማይበቃ ሲሆን ለዕቅድ አውጪው ጥንቃቄ የሚበቃው ስለዚህ ነው።

ይህን ልዩነት በተግባር የሚያሳየን የእርሳስ (የብረቱ ዓይነት ማዕድን) ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኸርበርት ኒድልማን በ1979 ባሳተመው ጥናት፣ ቦስተን አጠገብ በሚገኙ ሁለት ከተሞች ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች የወለቁ የወተት ጥርሶችን ሰብስቦ በውስጣቸው ያለውን የእርሳስ መጠን ለካ። የየክፍሉ መምህራን ደግሞ የልጁን የእርሳስ መጠን ሳያውቁ፣ ልጁ ትኩረቱ ይበተን እንደሆነ፣ የጀመረውን ይጨርስ እንደሆነ፣ ትእዛዝ ይከተል እንደሆነ በቀላል መጠይቅ መለሱ። የ2,146 ልጆች መጠይቅ ሲደመር፣ በጥርሱ ውስጥ ያለው እርሳስ በጨመረ ቁጥር መምህሩ ያየው ችግርም እየጨመረ መሄዱ ታየ። ከነዚያ መምህራን አንዱም ብቻውን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። አንድ በአንድ ሲታይ ተራ የሆነው ምልከታቸው፣ ሲሰበሰብ ግን ቤንዚንና ቀለም ከእርሳስ እንዲጸዱ ለተደረገው ረጅም ትግል መሠረት ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። መምህሩ በሳይንስ ውስጥ ያለው ቦታ እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ፈራጅ ሳይሆን ታማኝ መዝጋቢ መሆን ነው።

የእርሳስ ታሪክ ሌላም ቁም ነገር ያስተምራል፤ እርሱም ጉዳዮችን በክብደታቸው ማስቀደም ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ዛሬ አከራካሪ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2020 ከአንድ አጋር ድርጅት ጋር ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ካሉ ሦስት ልጆች የአንዱ፣ ማለትም የ800 ሚሊዮን ያህል ልጆች፣ በደም ውስጥ ያለ የእርሳስ መጠን በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ወይም ከዚያ በላይ እንደሚገመት አመልክቷል። እርሳስ ፒ.ቪ.ሲ.ን ለማጽናትና ፕላስቲክን ለማቅለም ያገለገለ በመሆኑ፣ ከርዕሳችን ውጭ ያለ ነገር አይደለም። ስለ ፍታሌት የሚደረገው አዲስ ክርክር ይህን የቆየና የተረጋገጠ ጉዳት እንዲያስረሳን መፍቀድ የለብንም።

6. በእኛ የትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

በአገራችን ፕላስቲክ የሕግ ጉዳይ ከሆነ ሰንብቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ስስ ፌስታሎችን ለመቆጣጠር የደነገገ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ዐዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢቶችን አግዷል። ሁለቱም ዐዋጆች ፕላስቲክን የሚመለከቱት በቆሻሻነቱ ነው። በማሠልጠኛ ኮሌጃችን ያሉት የማስተማሪያ ጽሑፎችም ፕላስቲክን በሁለት ቦታ ብቻ ያነሡታል፤ በኬሚስትሪ ምዕራፍ ስለ አሠራሩ፣ በአካባቢ ጥበቃ ምዕራፍ ስለ አወጋገዱ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ዕቃው በአገልግሎት ላይ ሳለ ምን እንደሚለቅ የሚያጠይቀው ትምህርት፣ ተዘሏል። ከገመገምነው ጽሑፍ ለሥርዓተ ትምህርት የምናገኘው ዋነኛ ጥቅም ይህን ክፍተት ማየታችን ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲመክሩበት የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ) በሳይንስ ትምህርት ውስጥ፣ በፕላስቲክ ላይ የሚታተሙትን ቁጥሮች ማንበብና ማለስለሻ ከፕላስቲክ እንዴት እንደሚለቅ መረዳት እንደ አንድ ርእስ ይግባ። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ተማሪዎች ከየቤታቸው የሚያመጡት ባዶ ዕቃ ብቻ ነው።

ለ) የትምህርት ቤት ምገባ በሚካሄድባቸው ቦታዎች፣ ትኩስና ቅባት ያለበት ወጥ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በፌስታል ከመያዝ ይልቅ በብረት ድስት ወይም በሸክላ ዕቃ እንዲያዝ በግዥ መመሪያ ይወሰን። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው፤ ጥርጣሬው ከጊዜ በኋላ መሠረተ ቢስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሚያስጸጽት አይሆንም።

ሐ) በትምህርት ቤት ግቢ የፕላስቲክ ቆሻሻን ማቃጠል፣ በወጥ ቤትም ከሰልን በፌስታል ማቀጣጠል ይቁም። ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባሉ እጅግ መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ የማንኛውም ፕላስቲክ ጢስም ለሳንባ ጎጂ ነው። በዚህ ረገድ ሳይንሱ የሚያከራክር አይደለም።

መ) የአዮዲን ጨው ትምህርት ከዚህ ርእስ ጋር ይያያዝ። የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። በነፍሰ ጡር ሴት የአዮዲን እጥረት የልጁን አእምሮ እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በአገራችንም ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ፕላስቲክ ታይሮይድን ያውካል ብሎ የሚያስተምር መምህር፣ አዮዲን ለታይሮይድ ምን እንደሚያደርግ ሳያስተምር ቢያልፍ አነስተኛውን አስቀድሞ ዋናውን እንደ መተው ይቆጠራል።

ሠ) ዕጩ መምህራን የተማሪን ጠባይ በሚመዘግቡበት ጊዜ ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ፣ መንሥኤውን ለመወሰን ግን እንዳይቸኩሉ በተግባር ልምምድ መመሪያ ላይ በግልጽ ይመልከት።

7. ማጠቃለያ

የገመገምነው ጥሪ ለጥንቃቄ የሚያበቃ ማስረጃ ያቀርባል፤ እርግጠኛ ነኝ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን አያቀርብም። ጸሐፊዎቹ ሁለቱን ባይቀላቅሉ ኖሮ ጽሑፋቸው የበለጠ ይጠነክር ነበር። ይሁን እንጂ እርግጠኝነት ስለጎደለው ብቻ ወደ ጎን የሚጣል አይደለም። ስለ እርሳስ የተነገረው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያም በጊዜው እርግጠኝነት ይጎድለዋል ተብሎ ነበር። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ገበያ ሙሉ በሙሉ የወጣው በ2021 ነው፤ ይኸውም ከኒድልማን ጥናት 42 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ መካከል አንደኛ ክፍል ገብተው የወጡ ልጆችን የሚቆጥራቸው የለም።

በመሆኑም ዕቅድ አውጪው ይህን ጽሑፍ አንብቦ የግዥ መመሪያውን ቢያስተካክል ተገቢ ነው፤ መምህሩም አንብቦ የሳይንስ ትምህርቱን ቢያበለጽግበት የተመሰገነ ነው። በሁለተኛ ክፍል አርፎ መቀመጥ ስለተሳነው ልጅ ግን ጽሑፉ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ስለ እርሱ ማወቅ የምንችለው አጠገቡ ተቀምጠን፣ ዐይኑና ጆሮው ደኅና መሆናቸውን አስመርምረን፣ ቁርሱን በልቶ እንደመጣ ጠይቀን፣ ወላጆቹን አነጋግረን ነው። ዕጩ መምህሩም ዘገባውን ሲያሻሽል ያደረገው ይህንኑ ነበር። ልጁ ከኋላ ረድፍ ሆኖ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እንደማይታየው ታወቀ። ወደ ፊት ረድፍ ከተዛወረ በኋላ መቅበጥበጡ ሙሉ በሙሉ ባይተወውም፣ ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀምሯል።